ወንዙ ዳር ያቆምሻት ሴትዮ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። «አፍ የለሽም ወይ፣ ደብዳቤ ምን ያደርጋል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ተዝካርሽን አውጥተናል። የዚያን ቀን የሰማሁትን ላንቺ ካልነገርኩሽ ለማን እነግራለሁ?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ወንድሜ ዳንኤል ካርሜ ጋት የሚሉት አዲስ ሰፈር ገብቷል፣ ዘጠነኛ ፎቅ። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር «እንኳን እማዬ ይህን አላየች» ይላል። እኔ አሮጌው ቤት ቀረሁ። ልጄ ሩት ባንቺ ክፍል ትተኛለች። ትሪሱ፣ ያ ወደ ታች የሚጎተተው የመስኮት መዝጊያ፣ ዛሬም ግማሽ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ እማራለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እንጀራ ይሆናል ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ እኔም አላውቅም።

መምህራችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ተናገረች። ድርሰት ትርጉሙን እንደ ዕቃ አሽጎ አይመጣም አለች። ደራሲው ሳይናገር የሚተወው ክፍት ቦታ አለ፤ አንባቢው የራሱን ኑሮ ይዞ ይገባና ይሞላዋል፤ ትርጉም የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። ነገሩ የተነገረበት መንገድም የነገሩ አካል ነው አለችን። ሰው ሁሉ ሲጽፍ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያንቺ ተረት ትዝ ብሎኝ ተናደድኩ።

ሌሊት ፋብሪካ ስለምታድሪ ከእኛ ጋር የምትሆኚው ከሰዓት በኋላ፣ ጋደም በምትዪባት ሰዓት ብቻ ነበር። ጎረቤቶች ተረት በቀን አይወራም፣ ድህነት ይጠራል ብለው ይቆጡሻል። አንቺ ደግሞ ትሪሱን እስከ ታች ጎትተሽ «ይኸው መሸ» ትያለሽ። ክፍሉ ይጨልማል። ተረት ተረት ስትዪ የላም በረት እንላለን። ሸክላ ሠሪዋ ሴትዮ ማሰሮዋን ተሸክማ ገበያ ትሄዳለች። ወንዙ ሞልቶ ይጠብቃታል። ማሰሮዋን ይዛ ብትገባ ውሃው ይወስዳታል፣ ይዛው ብትመለስ ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ። እግሯን ውሃው ውስጥ ስትነክር እንቅልፍ ይወስድሻል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለሽ የጨረስሽበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም።

እኔና ዳንኤል ግራና ቀኝሽ ተኝተን በሹክሹክታ እንጨርሰው ነበር። የእኔዋ ሴትዮ የማሰሮዋን አፍ በቆዳ አስራ እንደ ቅል አቅፋው ትዋኛለች። የዳንኤል ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እሱ ዛሬም እንደዚያው ነው። እንዳትነቂ ብለን ጠባችንንም በሹክሹክታ እንጣላለን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቂም ይዤብሽ ነበር። ፋብሪካው ጉልበትሽን ወሰደ፣ ለእኛ የደረሰን ትርፍራፊው ነው እል ነበር። ታመሽ ሳለሽ እንኳ የሴትዮዋን መጨረሻ ጠየቅኩሽ። ፈገግ አልሽና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ደከማት ብዬ ወጣሁ። ያ ነገር ከቀብርሽ በኋላም አልለቀቀኝም።

በተዝካርሽ ቀን ተረትሽን ለእንግዶቹ ልንናገር ተነሳንና በመጨረሻው ተጣላን። ዓመታት አልፈውም ሁለታችንም የየራሳችንን መጨረሻ አንለቅም አልን። አብራሽ ፋብሪካ የሠራችው እትዬ ያልጋነሽ ስትሰማን ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። «ማሰሮ አቅፋ የዋኘችው ያንቺ፣ ቁጭ ብላ የጠበቀችው የዳኒ አይደለችም ወይ?» አለችኝ። ወደ ሥራ በሚያደርሳችሁ መኪና ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ «ዛሬስ ሴትዮዋ እንዴት ሆነች?» እያሉ ይጠይቁሽ ነበር አሉ። አንድ ቀን ሴትዮዋን ዓሣ አድርጌያት እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትራስሽ ሥር፣ ተኝተሻል ብዬ ነው።

«እናትሽ መቼ ተኝታ ታውቃለች?» አለችኝ። «ዓይኗን ጨፍና ትሰማችሁ ነበር እንጂ።»

ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩም። ለፋብሪካው ሌሊት የሚያስፈልግሽን እንቅልፍ ነው ለእኛ የሰጠሽው፣ እማዬ። እኔ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን ነፈገችኝ እያልኩ ኖርኩ። ይቅር በዪኝ። ያንቺ የራስሽ መጨረሻ ምን እንደነበር እትዬ ያልጋነሽን ጠይቄያት ነበር። ሲጠይቁሽ «ልጆቹ ያውቃሉ» ብቻ ትያቸው ነበር አለችኝ። ዳንኤልና እኔ ከዚያ ወዲህ አልተከራከርንም።

አልረሳሽም። ከእንግዲህ በየሰንበቱ ከሰዓት በኋላ ትሪሱን እየታገልኩ እዘጋለሁ፣ «ይኸው መሸ» እላለሁ፣ ሴትዮዋን ወንዙ ዳር አደርሳታለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ባለፈው ሰንበት ጀመርኩት። ሩት መተኛቴን ስታምን ጆሮዬ ሥር መጣችና ወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ቆማ እንደምትጠብቅ፣ ገመድም እንደምትወረውርላት ነገረችኝ።

ማን ናት ብዬ ልጠይቃት ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ተኝቻለሁና ዝም አልኩ።

ልጅሽ