የሠላሳ ሁለት ቁጥር ሹራብ

ጥር 6

ጉልበቴ ዛሬም አመመኝ። ቢሆንም አንሶላ አጥቤ አሰጣሁ። ፀሐይዋ ግን ቀልደኛ ናት፣ ወጣ ገባ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳገላብጠው ስልክ ጮኸ። ደወል የምንላት ናት። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የማንቂያውን ደወል የምትደውለው እሷ ነበረች፤ ዛሬ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ድምጿ ያው ነው፣ ጆሮ ይበሳል።

"ሠላሳ ሁለት አረፈች። ከተቀበረች ሳምንት ሆኗታል፣ ዘግይተን ሰማን። አንድ ገጽ እንግዲህ፣ እንደተለመደው። የቤቱን አድራሻ እልክልሻለሁ።"

እንደተለመደው... ልብሳችን እጥበት ቤት እንዳይቀላቀል በቀይ ክር ቁጥር ይሰፋበት ነበር። አርባ ዓመት አለፈ፣ ዛሬም የምንጠራራው በዚያው ቁጥር ነው። አንዷ ስትሞት ሕይወቷን በአንድ ገጽ የምጽፈው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቤተሰብ ያየዋል፣ ከዚያ በዓመቱ ስብሰባ ላይ አነበዋለሁ። እስካሁን ዘጠኝ ጽፌያለሁ። አሥረኛዋ ግን እሷ?

አንሶላውን ሳላስገባው ዘነበበት።

ጥር 7

ምንም አልጻፍኩም። ምነው እኔን ባስቀደመኝ...

ጥር 9

እንደ ሌሎቹ "ትሁት ነበረች" ብዬ አልጀመርኩም። ትሁት አልነበረችማ! የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪያችንን አረማመድ ስታሳየን ሆዳችንን ይዘን በሳቅ እንንፈራፈር ነበር። በተደራራቢው አልጋ ከእኔ ሥር ነበር የምትተኛው። በትምህርት እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ሁልጊዜ። "አይዞሽ፣ ስሞት ቦታውን እለቅልሻለሁ" ትለኝ ነበር።

እናቷ ሲታመሙ የግቢውን ግንብ ዘላ ልታያቸው ሄደች። ለአንድ ቀን። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለተቆጣጣሪዋ ነገርኩ። ማንም አላስገደደኝም። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አላወጣለትም። ሦስተኛውን ዓመት ሳትጨርስ ተባረረች። በአራተኛው ዓመት አንደኛ ወጣሁ።

ማን እንደነገረባት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሆድ ይፍጀው ብዬ አርባ ዓመት ኖርኩ። ዛሬ ግን ጻፍኩት፣ ከግርጌው "ይቅር በዪኝ" አልኩ። ቤተሰቦቿ አንብበው ከፈለጉ ያባርሩኝ። አለቀስኩና ቀለለኝ። ለሞተ ሰው መናዘዝ እንዴት ይቀላል!

ጥር 13

ገጹን ይዤ ወደ ቤቷ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤቷ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ። ተቀመጥኩና ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብዬ አየሁ።

እሷ አይደለችም።

አጭር፣ መነጽር ያደረገች ሴት። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ማናት? ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ቦርሳዬን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

"የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ነው እዚያ የተማረችው" አሉ ሰውየው። "የደንብ ልብስ መግዣ አልነበራትም። የተባረረች ልጅ ልብስ ነበር፣ እሱን ሰጧት። ቁጥሩም ሳይፈታ እንዳለ..." ከዚያ ትኩር ብለው አዩኝ። "አንደኛ ትወጣ የነበረችው ልጅ እርስዎ ነዎት እንዴ?"

"አዎ፣ ነኝ።"

"አይ! ሁሌ ታነሳዎት ነበር እኮ። የመጀመሪያው ቀን ምግብ አዳራሽ ስትገባ አንድም ሰው ቦታ አልሰጣትም አሉ። እርስዎ ብቻ ከአግዳሚው ፈቀቅ አሉላት። 'ያን ቀን ፈቀቅ ባትልልኝ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር' ትል ነበር። ልጃችን ሥራ የጀመረች ለታ እንኳ ምክሯ ይኸው ነበር፤ 'ለአዲስ ሰው ፈቀቅ በይለት።'"

ያኔ ትዝ አለኝ። ፊቷ አይደለም፤ ሹራቡ። ክርኑ የተጣፈ ሰማያዊ ሹራብ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ሠላሳ ሁለት። የጓደኛዬ ሹራብ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። ፈቀቅ ያልኩት እንዳይነካኝ ነው።

ሰውየው ውሃ ሊያመጡልኝ ተነሡ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ጥር 14

ደወል ጋ ደወልኩ።

"የትኛዋ ሠላሳ ሁለት ናት የሞተችው?"

"ስንት ሠላሳ ሁለት አለ? መዝገብ ላይ ያለችው ናታ! ያቺኛዋማ መች ጨረሰች? አባል አይደለችም።"

"አለች? በሕይወት?"

"ምን ትሆናለች! ጨርቅ ትሸጣለች፣ የሳሎኔን መጋረጃ ከእሷ ነው የገዛሁት።"

አለች። እልል ልል ነበር፤ ወዲያው ግን ተውኩት። አሁን የምፈራው ሰው አለኝ ማለት ነው።

ስለ ሟቿ የማኅበሩን አባላት ሁሉ ጠየቅኩ። አንዷም ፊቷን አታስታውስም። ደወል ጭራሽ "'ሰው አክባሪ ነበረች' ብለሽ እለፊው" አለችኝ። ሰው አክባሪ... ይሄ ለማን አይባልም?

ጥር 22

አላለፍኩትም። ወደ ቤታቸው ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ አገናኝ ነበረች። የሥራ ባልደረባዋ ስታወራልኝ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። "ቁጣዋ! ሐኪሞቹ እንኳ ይፈሯታል። በሽተኛውን ያጣ ቤተሰብ ከደወለ ግን በየክፍሉ እየደወለች ሳታገኝለት ስልኩን አትዘጋም።" ዘፈን ትወዳለች፣ ዜማ ግን አልፈጠረባትም። የመጀመሪያ ልጇ በአራት ወሩ ሞቶባታል፤ ስሙን በየዓመቱ በልደቱ ቀን ጮክ ብላ ትጠራው ነበር አሉ ባለቤቷ።

አልጋም በቁጥር ነበርና እሷም አንድ ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ ሥር ተኝታለች። ምን ነበር አንድ ቀን ባናግራት?

መጋቢት 1

ስብሰባው። አነበብኩ። ሰውየው ከልጃቸው ጋር ፊት ተቀምጠዋል። አግዳሚው ላይ ደረስኩ። ፈቀቅ ማለቴን አነበብኩ፤ ለምን እንደሆነ አላነበብኩም። አርባ ዓመት የኖረችበትን ነገር በምን አፌ ልንጠቃት? የኔ ኃጢአት ለኔው ይቅር።

ሲያልቅ ደወል እያለቀሰች "እንዲህ ያለች ሰው ነበረችን እንዴ?" አለች። ሰውየው ወረቀቱን ለመኑኝ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

መጋቢት 9

ጨርቅ መሸጫው ሄድኩ። ዕድሜ ቢያከሳትም ወዲያው ነው የለየኋት። እሷም ለየችኝ። "አንቺ! በየት በኩል ፀሐይ ወጣች?" ብላ አቀፈችኝ። እጅ እጅ የማይል ሳቅ፣ ያው የድሮው።

ጥር 9 የጻፍኩትን ገጽ አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ ቆማ አነበበች። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ወደ መሐል ስትደርስ ፈገግታው ጠፋ። እስከ ግርጌው ጨረሰችው።

"ይሄ የተጻፈው ለሞተች ሴት ነው" አለች። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። "እኔ አልሞትኩም። ልትነግሪኝ ከመጣሽ በአፍሽ ንገሪኝ።"

ወረቀት ላይ እንዴት ቀሎኝ ነበር... ጀመርኩ፣ ተደናቀፍኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። እናቷ ጋ ስደርስ አንድ ደንበኛ ገብቶ የሽፋን ጨርቅ ጠየቀ።

"ዛሬ አልሸጥም" አለችው። በሩን ዘግታ ተመልሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ቀጥዪ" አለችኝ።