ጠዋት የሚሞቀው የብረት ወንበር

ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለታናሿ እህቴ፤
ሰላ ድንጋይ።

የአገራችን ውርጭ ዘንድሮ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ዳገቱን ያስወጣሻል? ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ከመደንዘዛቸው በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር የነገረሽን አምነሽ የልጅሽን ተዝካር በጥር ልታወጪ ቆርጠሻል። በጉ ተገዝቷል፤ ጌሾውም ተወቅጧል። መልሴን ከታች ታገኚዋለሽ። አስቀድመሽ ግን ስለ ብርድና ስለ ትራክተር የምጽፈውን በትዕግሥት አንብቢልኝ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ደብዳቤም በብዙ እጅ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ብርድና ስለ ትራክተር ብቻ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የአትክልት አምራቾች ማኅበራችንን ትራክተር የምነዳው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ነጂው ገረሱ ባለፈው ክረምት በሳንባ ምች ሲሞት እሷን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። እኔ በወጣትነቴ እርሻ ትምህርት ቤት ሳስተምር እንዲህ ያለችውን ነድቼ ነበር። ትንሽ፣ አሮጌ፣ ቀይ ቀለሟ የለቀቀ የጣሊያን ትራክተር ናት። ጣሪያ የላትም፤ መስታወት የላትም። ከወንዙ ውሃ በበርሜል ታመላልሳለች፤ ጎመንና ካሮቱን እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታደርሳለች። ጎህ ሲቀድ ቁልቁለቱን ስትወርጂባት ነፋሱ በደረት ገብቶ በጀርባ ይወጣል።

ብርዱን የምከላከለው በዘዴ ነው። ከሸሚዜ ሥር ጋዜጣ አነጥፋለሁ። እጄ ላይ ካልሲ አጠልቃለሁ። ጆንያ ሰፍቼ ከሞተሩ ግራና ቀኝ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጋርጃለሁ፤ የሞተሩ ሙቀት ነፋስ ሳይበትነው በእግሬ በኩል ያልፋል። የመጋዘኑ ዘበኛ ሰይፈዲን ይህን አይቶ፣ ጋሼ፣ ቀሚስ ካለበሷት ባል ይፈልጉላት እንጂ፣ ብሎ ሳቀብኝ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጡቡ ነው። በሰይፈዲን እሳት አንድ ጡብ አግዬ፣ በጆንያ ጠቅልዬ፣ እግሬ ሥር አኖራለሁ። እናታችን በልጅነታችን ድንጋይ ታሞቅልን አልነበር? በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ቋጠሮ አስራ በእግራችን በኩል ታስገባልን ነበር። ያን ቋጠሮ እኔ መቼም አልቻልኩበትም። አንቺ ቻልሽበት፤ ለልጅሽም አስተማርሽው። እኔ እስከ ዛሬ በሲባጎ እንደ ነገሩ ነው የማስረው።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። ጭጋጉ መጋዘኑን ውጦት፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ አድሮ ነበር። ትራክተሯ መጋዘኑ ውስጥ ለብሳ የምታድረውን ሸራ ገልጬ የብረት ወንበሩን ስነካው ሞቆ አገኘሁት። ሞተሩን ዳሰስኩ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ወንበሩ ብቻ፣ ሰው አሁን ከላዩ እንደተነሳ ሁሉ፣ ለብ ብሏል። መጋዘኑ ውስጥ ከጭዱ ክምር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ያን ቀን ስነዳ፣ ከኋላዬ የቆመ ሰው ያለ እየመሰለኝ ዞር ዞር ስል ዋልኩ። በማግሥቱም ወንበሩ ሞቆ ነበር። ከዚያም በኋላ እንዲሁ።

ሰይፈዲን፣ ገረሱ ነው አለ። በሕይወቱም ማንንም አያስነካትም ነበር፣ ሞቶም አልተዋትም አለ። ወሬው ተዛመተ። ጎመን የምትለቅመው ሸዋረጋ ጀምበር ካዘቀዘቀች በመጋዘኑ በኩል አታልፍም። ሌላውም እሷን ተከተለ። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ጋኔን አየሁ የሚል ተማሪ ሲያጋጥመኝ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አቁሜ ማስረጃ እጠይቀው ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ማታ መሬት ላይ የተውኩትን ጡብ ወንበሩ ላይ አገኘሁት። ሲባጎዬ ተፈቶ በሥርዓት ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ጆንያው እንደ አዲስ ተጠቅልሎ ታስሯል።

እህቴ፣ ቋጠሮው ሁለት ጆሮ ነበረው።

ጡቡን ይዤ እዚያው ተቀመጥኩ። ገረሱ የወሊሶ ሰው ነው፤ የእናታችንን ቋጠሮ ከየት ያውቀዋል? ያን ጊዜ ከጭዱ ውስጥ ሳል ሰማሁ፤ በእጅ የታፈነ ሳል። ዞሬ አላየሁም። ያየሁትን አላየሁም ማለት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽና ላለማየት ወሰንኩ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት ጡቡን አግዬ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ጋዜጣም አጠገቡ እተዋለሁ። ከሸሚዝ ሥር እንዴት እንደሚነጠፍ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው፣ ጮክ ብዬ አስረድቻለሁ።

ባለፈው ሰኞ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። በመጋዘኑ ውስጥ ሰው አይተዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ዓይኔ ማንንም አላየሁም አልኩት። እውነት ነው። ወንበሩ ይሞቃል የሚባለውስ አለኝ። አዎ ይሞቃል፣ ሳይንስ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም አልኩት። ይህም እውነት ነው። መምህር ሆነው እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ወሬ ሲነዙ አያፍሩም ብሎ በሰው ፊት ገሠጸኝ። ተግሣጹን አጎንብሼ ተቀበልኩ። ነገር ግን አንደኛው ጠባቂ ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ሊቀ መንበሩ ዞር ሲልለት አማተበ፤ ሌላው ጭዱን በሳንጃ ወጋ እንዲያደርግ ሲታዘዝ ጫፉን ብቻ ነካ አድርጎ ወጣ። እኔ ያን ጊዜ በእጄ የያዝኩትን መፍቻ እስኪሄዱ ድረስ ማስቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

ሰይፈዲን ከራቁ በኋላ ቀረብ ብሎ፣ ጋሼ፣ ጂኒ ዳቦ ይበላል እንዴ አለኝ። እኔ እስካነበብኩት ድረስ አይበላም አልኩት። የኛው ይበላል፣ ትናንት ቁርሴን በላብኝ አለ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሁለት ዳቦ ይዞ ይመጣል። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሳሉን ግን አልወደድኩትም። ገረሱም የጀመረው እንዲሁ ነበር። ጡቡ እስከ እኩለ ሌሊት ቢሞቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ብርድ በምን ይገፋዋል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። ተዝካሩን አታውጪ። በጉ ይቆይ፤ ጌሾውም አይበላሽም። የሚጠይቅሽ ካለ፣ ወንድሜን ብርድ ስለጎዳው አቆየሁት በይ። ጥቁርሽን ግን አታውልቂ፤ ሰው ያያል። ለኔም አንድ ጋቢ ላኪልኝ፤ ድርብ ይሁን። ቁመቱን በኔ አትለኪው፤ ከኔ በክንድ ያህል ይርዘም።

ውርጩን ያሳለፈን አምላክ ቤትሽን ሞቅ አድርጎ ያቆይልሽ፤ በጭድም በሸራም ሥር የሚያድረውን ሁሉ እስኪነጋ ይጠብቅ።

ታላቅ ወንድምሽ

ይህን ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጋቢውን ጠቅልለሽ ስትልኪ የእናታችንን ቋጠሮ እሰሪበት። እኔ አልፈታውም።