ስፌት ማኅበሩ ልግባ ወይስ ልቅር

የካቲት 9፣ 1958 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

የተማሪ ዩኒፎርም እየዘመዘምኩ ነው። እጅጌው ብቻ ቀርቶኛል። ወ/ሮ እልፍነሽ ዛሬም መጣች። የት/ቤቱ ዲሬክተር ሚስት ናት፤ እንቢ መባል አልለመደችም። የሴቶቹ ስፌት ማኅበር እንድገባ ትፈልጋለች። የስፌት መኪናዬንም ትፈልጋለች። ሁለታችንን እኩል ነው የምትፈልገን፤ አልደበቀችም።

ማስታወሻዬ፣ ሥራቸው ይህ ነው። ከልብስ ሰፊዎች የተረፈ ቁርጥራጭ ይሰበስባሉ። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው፣ ቀጣጥለው ይሰፉታል። ውስጡ ባዘቶ፣ ከሥሩ አቡጀዲ። ለጤና ጣቢያው የወላዶች ክፍል ብርድ ልብስ ይሆናል። የአምቦ ሰው ድሪቶ ሰፊዎች ይላቸዋል። ወ/ሮ እልፍነሽ ድሪቶ ሲባል ፊቷ ይጠቁራል። ብርድ ልብስ በሉ ትላለች።

መግባት እፈልጋለሁ። ልጻፈውና ይውጣልኝ። በጣም እፈልጋለሁ። ከሴቶች ጋር ተቀምጬ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ።

ግን ጫልቱ እዚያ አለች።

ይህን ለወ/ሮ እልፍነሽ አልነገርኳትም። ከደሴ ተዛውረው ከመጡ ገና ዓመታቸው ነው፤ የእኛን ነገር አታውቅም። ሥራ ይበዛብኛል አልኳት። እስከ መጋቢት መባቻ መልስ ስጪኝ ብላ ሄደች።

የካቲት 10፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ትናንት ራት ላይ ለባለቤቴ ለተክሌ ነገርኩት። እጁን ታጥቦ ነበር፤ ተነስቶ እንደገና ታጠበ። አይሆንም አለ። እርቁ ተፈጽሟል፣ አትቆስቁሺው።  

ያን ነገር እዚህ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው። ተክሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ክረምት ነው፣ የጉደር ቁልቁለት፣ መንገዱ ጭቃ። መኪናው ተንሸራተተ። የጫልቱ ባል ኦቦ ዲንቃ በቅሎ እየሳበ ከገበያ ይመለስ ነበር። ሞተ። ተክሌ ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ታሰረ፣ ተፈታ። ሽማግሌዎች በአገሩ ወግ የደም ካሳ እርቁን፣ ጉማን፣ አስፈጸሙ። በግ ታረደ። የሁለቱ ወገን ወንዶች አብረው እጃቸውን ታጠቡ። ደም ደረቀ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ተክሌ መሪ አልጨበጠም። ወፍጮ ቤት ገባ። ማታ ማታ ዱቄት ለብሶ ይመጣል። እኔ ጫልቱን በሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። እሷም ትቀይራለች። አንዳንዴ ሁለታችንም እኩል እንታጠፍና እዚያው እንገናኛለን። በዚህች በማትሰፋ ከተማ እንዲህ ስንሸሻሽ ዓመታት አለፉ። ይህም እርቅ ተብሏል።

ተናድጃለሁ። የማን እርቅ ነው?

የካቲት 13፣ እሑድ

ከቤ/ክ ስመለስ ኦቦ ቶሌራ ቤት ገባሁ። እርቁን የመሩት ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። ጫልቱ ካለችበት ማኅበር ብገባ ነውር ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያንከባልሉ ቆዩ። የታረቀ ሰው አብሮ ካልተቀመጠ እርቁ ጎደሎ ነው አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ።

«ግን ልጄ፣ ያን ጊዜ ያስታረቅነው ወንዶቹን ነው። ሴቶቹን ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።»

ታዲያ ምን ላድርግ አልኳቸው። እሷን ጠይቂያት አሉ።

ለአፍ ቀላል ነው።

የካቲት 17፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት ገደማ

 

ከሱቅ ስወጣ ወ/ሮ እልፍነሽ አገኘችኝ። አይተሽ ብቻ ትመለሻለሽ ብላ ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ። ከት/ቤቱ ጀርባ ያለው አዳራሽ ነው። መሐል ላይ ሰፊ የእንጨት ማዕቀፍ፣ ጨርቁ እንደ ከበሮ ተወጥሮበታል። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ይሰፋሉ። በአማርኛ የጀመሩትን ወሬ በኦሮምኛ ይጨርሱታል። አንዷ የባሏን ኩርፊያ ታስመስላለች፣ ሁሉም ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። ለአፍታ ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ረሳሁት።

ወ/ሮ እልፍነሽ ባዶ ወንበር አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ቀና ስል ጫልቱ ፊት ለፊቴ ናት።

መርፌዋን አቆመች። ክሩን በመቀስ ቆረጠች። መቀሱን እጇ ላይ ትንሽ አቆየችው። ከዚያ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ወጣች።

 ያቺ ባሏን ስታስመስል የነበረችው አንገቷን ደፋች። ልከተላት? አልቻልኩም። ወደ ቤቴ መጣሁ። ቤት ደርሼ ሱቅ ለምን እንደሄድኩ ትዝ አለኝ፤ የገዛሁትን ክር እዚያ ትቼዋለሁ።

የካቲት 18፣ አርብ

ወ/ሮ እልፍነሽ በጠዋት መጣች። ክሬን ይዛልኝ። አሁን ሁሉን ሰምታለች። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ ይመስለኛል። ግን መፍትሔም አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ጫልቱ ትቅር። የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ ናት፣ የገባችውም እዚያ ስለምትሠራ ነው፣ ስፌቷም ሻካራ ነው። አንቺ ግን ሙያ አለሽ። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ አይከፋትም አለችኝ።

እንቢ አላልኳትም። እሺም አላልኳትም።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ አልዋሽም። ደስ ብሎኝ ነበር። ያ አዳራሽ፣ ያ ሳቅ፣ ያለ ፍርሃት። ሸኝቻት ስመለስ የጓዳውን በር እንኳ በዘፈን ነው የከፈትኩት።

ከዚያ ዘፈኑን አቋረጥኩት። ባሏን ወሰድንባት። አሁን ደግሞ ሐሙሷን ልወስድባት ነው።

የካቲት 19፣ ቅዳሜ

ምንም አልሠራሁም። አንድ ሱሪ ቀደድኩ፣ ቅዱን አበላሸሁት። ተክሌ የወ/ሮ እልፍነሽን ነገር ሰምቶ፣ በቃ ሁሉንም ተዪው፣ ቤትሽ ተቀመጪ አለኝ። ስንት ዓመት ተቀመጥኩ አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። ይስማ።

የካቲት 21፣ ሰኞ

ሄድኩ።

ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ግማሽ ቀን ተጨነቅኩ። ስኳር? ጨርቅ? ሁሉም ጉቦ መሰለኝ። ባዶ እጄን ሄድኩ።

ቤቷ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ነው። የጤና ጣቢያውን አንሶላ እያሰጣች ነበር። አካም ጅርታ አልኳት። መለሰችልኝ፤ ሰላምታ አይከለከልም። ግቢ አላለችኝም። ቆመን ቀረን፣ እርጥብ አንሶላ በመካከላችን። ልጇ ከቤት ብቅ አለች፣ አየችኝ፣ ተመለሰች። ያን ክረምት የተወለደችው መሆን አለባት።

ከማኅበሩ እንድትቀሪ ሊነግሩሽ ነው፣ እኔ የለሁበትም፣ እኔው እቀራለሁ አልኳት። በኦሮምኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩ። ተነግሯታል፤ ዛሬ ጠዋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሐሙስ በእኔ ምክንያት ስለወጣሽ አዝናለሁ አልኳት።

«በአንቺ ምክንያት አይደለም» አለችኝ። «መቀሱ እጄ ላይ ነበር። እጄን አላመንኩትም።»

እሷ ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።  ልሄድ ዞርኩ። ቆይ አለችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። ሲሞት ብቻውን ነበር ወይ? እሷ ያኔ አራስ ነበረች፤ ፍርድ ቤትም እርቁም ጋ አልሄደችም። ወንዶቹ መንገድ ላይ ሞተ ብቻ ነው ያሏት። ሌላ ነገር ስትጠይቅ ተይው፣ ለአራስ አይሆንም አሏት። ከዚያ በኋላ መጠየቁ ነውር ሆነ።

«ባልሽ እዚያ ነበር። ዲንቃ ምን አለ? ማን አቀፈው?»

አላውቅም አልኳት።

«አብረሽው ትኖሪያለሽ። እንዴት አታውቂም?»

 ጠይቄው አላውቅም። ያንን ላለመጠየቅ ብዬ ነው ሁሉን ነገር ስጠይቀው የኖርኩት፤ ወፍጮውን፣ ወገቡን፣ ራቱን።

የካቲት 24፣ ሐሙስ

ማኅበሩ ዛሬ ተሰብስቧል። እሷም የለች፣ እኔም የለሁ። ጎረቤቴ አልፋ ስትሄድ አየኋት፣ ቅርጫት ሙሉ ቁርጥራጭ ይዛ። ከመስኮቱ ፈቀቅ አልኩ።

ተክሌን እስካሁን አልጠየቅኩትም። አፌን እከፍትና ስለ እህል ዋጋ አወራለሁ። የምፈራው ምን እንደሆነ ገባኝ። ዲንቃ ብቻውን ሞቶ ቢሆንስ? ተክሌ ሸሽቶ ቢሆንስ? ያን ካወቅኩ በኋላ ከዚህ ሰው ጋር እንዴት እኖራለሁ?

የካቲት 27፣ እሑድ፣ ማምሻውን

ጠየቅኩት።

ደጃፍ ላይ የተነቃነቀ ወንበር ሲጠግን ነበር። ጫልቱ ልታውቅ ትፈልጋለች አልኩት። ሲሞት ብቻውን ነበር ወይ ብላኛለች። መዶሻውን አስቀመጠ። አይናገርም ብዬ ነበር። ተናገረ፣ ወንበሩን እያየ።

አልሸሸም። ከመኪናው ሲወርድ ዲንቃ በሕይወት ነበር። ዝናብ ነው፣ በመንገዱ ላይ ሌላ ሰው የለም። ጭኑ ላይ አስተኛው። ውሃ አልጠየቀም። በቅሎዋ ደንግጣ ትዘል ነበር፤ ዲንቃ እሷን ነው የሚያየው። በቅሎዋን ያዛት፣ ገደል እንዳትገባ፣ ይለዋል። ተክሌ በአንድ እጁ የዲንቃን ራስ ደግፎ፣ በሌላው ልጓሙን ይዞ ተቀመጠ። ይዣታለሁ አለው። ዲንቃ ልጓሙን አየ፣ እሺ አለ፣ በቃ። ሰው ሲደርስ ተክሌ ልጓሙን አልለቅ ብሎ በግድ አስለቀቁት።

ለምን እስከዛሬ ሳትናገር ቆየህ አልኩት። ማንም አልጠየቀኝም አለ። ዳኛው ስለ ፍሬኑ ነው የጠየቀኝ።

እኔ አለቀስኩ። እሱ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። አሁን ነው እንዴ አልኩት። አሁን ካልሄድኩ አልሄድም አለ።

ሄድን። ጫልቱ ተክሌን በሯ ላይ ስታይ መቃኑን ያዘች። ልግባ አላላትም፤ ከደጅ ቆሞ በኦሮምኛ ነገራት፣ እንደነገረኝ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። በቅሎዋ ጋ ሲደርስ ጫልቱ አፏን ሸፍና ሳቀች። ደነገጥኩ።

«እንዲያ ነው እሱ» አለች። «ያቺን በቅሎ ገና መግዛቱ ነበር። ከእኔ በላይ ነው የሚሳሳላት።»

ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ተክሌ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። እኔም ልያዛት አልደፈርኩም። ስታበቃ ፊቷን አበሰች፣ ገብታ ዱካ አወጣች፣ ለእሱ አስቀመጠችለት። ተቀመጠ። ውሃ ሰጠችን፣ ጠጣን። 

ስንወጣ የነጠላዬን ጫፍ ያዘችኝ።

«ሐሙስ አብረን እንሂድ። ግን ፊት ለፊቴ አትቀመጪ፤ ፊትሽን ገና አልቻልኩትም። ከጎኔ ሁኚ።»

የካቲት 29፣ ማክሰኞ

ወ/ሮ እልፍነሽ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ሁለታችንም እንገባለን፣ ወይ ሁለታችንም እንቀራለን። የስፌት መኪናውም እንደዚያው።

ተቀየመች። እኔ ላንቺ ብዬ፣ አሁን ክፉዋ እኔ ሆንኩ አለች። እውነትም አላት። ለሴትየዋ ቅሪ ብያት እንዴት ነይ እላለሁ፣ ምን ፊት አለኝ? ብላ ጠየቀችኝ። ያንን ራስሽ ነው የምታውቂው አልኳት። እንዲህ ብዬ መናገር መቻሌ ገረመኝ። አስብበታለሁ ብላ በሯን ዘጋች። እሺም የለ፣ እንቢም የለ።

ተክሌ ይህን ሰምቶ አትቆስቁሺው አላለም። የስፌት መኪናው ከባድ ነው፣ በምን ታደርሺዋለሽ ብቻ አለኝ።

መጋቢት 1፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከወ/ሮ እልፍነሽ እስካሁን መልስ የለም። ጠዋት ሁለት ጊዜ ደጅ ወጥቼ አየሁ። ከዚያ ተውኩት።

እሄዳለሁ። ወስኛለሁ። ታስገባን አታስገባን እዚያ ስንደርስ እናያለን። በር ላይ ብትቆም ሰላም ብለናት እንጠብቃለን። ወንበር ካልተሰጠን መሬት እንቀመጣለን። ከመለሰችንም አብረን ነው የምንመለሰው፤ ያኔ በአንድ መንገድ ነው የምንሄደው።

ተክሌ ከወፍጮ ቤት አስፈቅዶ መጥቷል። የስፌት መኪናውን በአንሶላ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎታል። ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ እዚህ እጽፋለሁ።  መርፌ ይዣለሁ? ይዣለሁ። መቀሴን ትቼዋለሁ።

ውጭ ሰው አለ። ጫልቱ ናት። ዘነበች፣ ዘነበች ትላለች። ስሜን ታውቀው ኖሯል። ልሂድ፣ እንዳላስቆማት።