ኮከቡን የጠረገው መፈለጊያ

ጥቅምት 6
ስልኩ ዛሬም ጆሮዬን አደነቆረው። የረቂቅ ሕጎች ማጠቃለያ ጻፍ ብለው ቀጥረውኝ ስልክ አንሺ ሆኜ ቀረሁ። "ያ የውሃው ረቂቅ ኮከብ አለው?" "ኮከቡ የትኛውን አንቀጽ ነው የነካው?" አንዱን ስመልስ ሌላው ይጮኻል።

ጥፋቱ የራሳችን ነው። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ረቂቅ ሕጉን ሲነካካው ማጠቃለያውን አናስተካክልም፤ ሕጉ ጸድቆ ተራው እስኪደርስ ይቆያል። እስከዚያ ርዕሱ ላይ ኮከብ ጣል እናደርጋለን... ተለውጧል፣ ደውላችሁ ጠይቁ ለማለት። ጠበቃውም ጋዜጠኛውም ያውቀዋል። ከዕለታት አንድ ቀን እገሌ ጀመረው፣ እንዲያው ቀጠለ።

ጥቅምት 14
አዲሱ የማጠቃለያ መፈለጊያ ተመረቀ። ኬክም ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያው (ሁሉን ነገር "በቅጽበት" ስለሚል ቅጽበት ነው የምንለው) አስረዳን። ሰው በስልኩ የሚያዋራቸው የማሽን ወኪሎች ከእንግዲህ የእኛን ማጠቃለያዎች ራሳቸው ፈልገው፣ ራሳቸው አንብበው፣ ለጠያቂው ይመልሱለታል። ሞከረልን። የእኔን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አመጣው። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

"ኮከቡስ?" አልኩት።

"የቱ ኮከብ?"

"ርዕሱ ላይ ያለው።"

"እ... እሱን እንደ ቆሻሻ ነው የሚያየው፣ ይጠርገዋል። ንጹህ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያስገባው።"

ለአለቃዬ ነገርኳት። "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው" አለችኝ፤ "ደግሞ በስብሰባ አንሳው።" አፌ ኬክ ሞልቶ ነበር፤ ነገሩን እዚያው ተውኩት።

ጥቅምት 19
ስልኩ ጸጥ። ተመስገን!

ጥቅምት 22
የደወለችው ታላቅ እህቴ እትዬ ብቻ ናት። አባባን የምታስታምመው እሷ ናት። እኔ እሁድ እሁድ ብቅ እላለሁ፣ ብርቱካን ይዤ፣ እንደ እንግዳ።

"መብራት በፈረቃ ሊሆን ነው አሉ። የአባባ የመተንፈሻ ማሽን ምን ሊሆን ነው? በሕግ አንድ ነገር ተደርጓል ይላሉ። መቼም ሕጉን አንተ ታውቀዋለህ።"

አለቃዬ አጠገቤ ቆማ ሰዓቷን እያየች ነበር። "እትዬ በሞቴ፣ ለዚህ እኮ ነው መፈለጊያው የተሠራው! ስልክሽን ጠይቂው፣ ከእኔ ይሻልሻል።"

"እሺ በቃ፣ አላስቸግርህም።"

ቅር አላት እንዴ? ያልፍላታል። የፈረቃውን ረቂቅ ማጠቃለያ መጀመሪያ ሲመጣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወደ ኮሚቴ ከገባ በኋላ የያዘው ባልደረባዬ ነው። ኮከብ ነበረው? ነገ አያለሁ።

ጥቅምት 27
የፈረቃው ሕግ ጸደቀ። የሚስተካከለው ማጠቃለያ ክምር ብሏል፣ የእሱም ተራውን ይጠብቃል። እትዬ ድጋሚ አልደወለችም። መልሷን አግኝታለች ማለት ነው።

ኅዳር 3
አባባ የሉም።

ኅዳር 5
ቀበርናቸው።

ከትናንት ወዲያ ከምሳ በኋላ ነው የሆነው። መብራት ጠፋ፣ ማሽኑ ጮኸ ጮኸና ዝም አለ። ለክፉ ቀን የተቀመጠው የኦክስጅን ሲሊንደር ቤት ውስጥ አልነበረም። እትዬ ምድር ቤት ላለችው ልብስ ሰፊ አውሳታለች፣ ባሏ ሳንባውን ያመዋል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ባሏን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ሲሊንደሩ ውስጥ፣ በሩ ቁልፍ። እትዬ በሩን ስትደበድብ እጇ ተተልትሏል። ስትመለስ...

"ለምን አዋስሽ?" አልኳት። አፌን በቆረጠው!

"እናንተ ጋ አይጠፋም ብሎኛላ።"

"ማን?"

ስልኳን ሰጠችኝ። አነበብኩት። "በመተንፈሻ ማሽን የሚረዳ ሕመምተኛ ያለበት ቤት፣ በምንም ምክንያት፣ በምንም ሰዓት መብራት አይቋረጥበትም።"

የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው። አለቃዬ ሁሌ "አንዱን 'በምንም' አውጣው" ትለኛለች፣ እኔም አላወጣም።

"ውሸታም ማሽን! እሳት ይብላው!" አለች አክስቴ። እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ነቀነቅሁ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እትዬ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ኅዳር 11
ሥራ ገባሁ። ረቂቁን አወጣሁት። ኮከቡ ቁጭ ብሏል። ኮሚቴው "አስቀድመው ለተመዘገቡ ቤቶች ብቻ" ብሎ ለውጦታል። ደውሎ ለጠየቀ ሁሉ ባልደረባዬ በአንድ ትንፋሽ ይነግረው ነበር። ወኪል ግን የሚያውቀው የተጻፈውን ነው፣ ማንን ብሎ ይደውላል?

ቅጽበት ላይ ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "ኮከቡ ምን ማለት እንደሆነ የት ተጽፏል?" አለኝ።

የት ተጽፏል? የትም።

ኅዳር 12
ኮከብ ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያው መስመር ላይ በፊደል ይጻፋል፤ "ይህ ረቂቅ ተለውጧል፣ ከታች ያለውን አትመኑ።" ለመሥራት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ግማሽ ቀን! አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ "በርታ" አለችኝ። እጇን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ።

ኅዳር 20
እትዬ ጋ ሄድኩ። ባዶ እጄን። የአባባ አልጋ ተነስቷል። ማሽኑ ግን እንደተሰካ ነው፣ መንቀል አቅቷታል። ትንሿ አረንጓዴ መብራቱ ትበራለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩና አወጣሁት። "እትዬ... ያንን መልስ ማሽኑ አልፈጠረውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። የእጇን ፋሻ እያስተካከለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"በምንም፣ በምንም። ልጅ ሆነህ ብርጭቆ ሰብረህ 'በምንም ምክንያት፣ በምንም ሰዓት አልነካሁትም' ትል አልነበር? ሳነበው ሳቄ መጣ። አላስቸግረውም ብል ራሱ መጣልኝ አልኩ።"

ዓይኔ ማሽኑ ላይ ሄደ።

"መጀመሪያ እኮ አላመንኩትም፣ ማሽን ነው ብዬ" አለች። "ሲሊንደሩን ያዋስኩት ያንተ ቃል መሆኑን ሳውቅ ነው።"