የእሑድ ጥያቄዎችሽ

ሮቤ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ይኼን የምጠይቅሽ ለወጉ አይደለም፤ መልሱን ስለምፈልገው ነው። እኛ ደህና ነን። እማዬን ብርዱ ጉልበቷን ይዟታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን አልቀረችም። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሮቹ የጎባን መንገድ ይዘውት ባጃጅ ማለፊያ አጥቷል።

ትናንት ስልክሽን ያላነሳሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ስልክ ላይ ጠያቂዋ ሁልጊዜ አንቺ ስለሆንሽ መጻፍ መረጥኩ። ደብዳቤውን ሹፌሩ ጀሊል በሚኒባሱ አዲስ አበባ ድረስ ያመጣልሻል።

ሌንሳን ታውቂያታለሽ፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ጓደኛዬ። ባለፈው ሳምንት ያንቺን የሕክምና ጥናት አትማ አመጣችልኝ፤ የእህትሽ ስም ከላይ ሰፍሯል ብላ። እኔም በኩራት ማንበብ ጀመርኩ። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አንጎሉን እንደሚያቆስል፣ በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ እንደሚባል፣ ቶሎ ከተጀመረ የሚያዘገየው መድኃኒት እንዳለ ጽፈሻል። ጎበዝ ነሽ። ከዚያ ሰንጠረዡ ጋ ደረስኩ። አንደኛዋ ታማሚ፤ የባሌ ደጋ ተወላጅ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ የሂሳብ መምህርት፣ ቀኝ እግሯን የምትጎትት።

እኔን ምን ብለሽኝ ነበር? አዲስ አበባ አስመጥተሽ ጭንቅላቴን ኤምአርአይ ካስነሳሽኝ በኋላ፣ ድካም ነው፣ ቫይታሚን ዋጪ አልሽኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጥኩልሽ።

እማዬ ለእግርሽ ይሻልሻል ብላ ፍል ውሃ የወሰደችኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ገና ከመግባቴ ግራ ዓይኔ ጠፋ። እማዬ እሪ አለች። ስትደውይ በስንት ደቂቃ እንደተመለሰልኝ ጠየቅሽኝ፤ ሃያ አምስት አልኩሽ። ሃያ አምስቱ ሰንጠረዡ ላይ አለ። ሙቀት እንደማይስማማኝ ግን አልነገርሽኝም። እሑድ እሑድ እየደወልሽ የቱ እግር ነው፣ ስንት ቀን ቆየ ስትይኝ፣ እኔ እኮ ናፍቄሽ መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት፣ እህቴ ሳትደውልልኝ እሑድ አያልፍም እያልኩ እመጻደቅ ነበር። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት አንቺ ነሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኟም እኔ፣ ወረቀቱም እጄ ላይ። ተናድጄብሻለሁ። በሰው እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ልቀድደው ስል ሌንሳ አብሽሪ፣ አይዞሽ ብላ ቀማችኝ፤ የጀመርሽውን ጨርሺው አለችኝ። ከእኔ ሥር ሁለተኛ ታማሚ አለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣ የዚያው ደጋ ተወላጅ። በአባቷ ተዝካር ዕለት ምድጃ ዳር ስትሠራ ቆይታ ግራ እጇ ከዳት፣ የያዘችው ዕቃ ወደቀ፣ እጇ በአርባ ደቂቃ ተመለሰላት ይላል።

እታለም፣ የጎረቤታችንን የወይዘሮ የሺሃረግን ቀሚስ ጠላ ያጠጣሽው በማን ተዝካር ነበር? በአባዬ አይደል? ከማጀት ወጥተሽ ሳትቀመጪ ጆጉ ከእጅሽ ወደቀ። ሀዘኑ ነው ብለን አስቀመጥንሽ። ግራ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ደብቀሽ ዋልሽ።

ሁለቱም መድኃኒት አልጀመሩም ይላል ጥናቱ። እኔስ ስላልተነገረኝ ነው። ሁለተኛዋ ግን የበሽታዋን ስም እያወቀች ምን ትጠብቃለች?

ይቅር አላልኩሽም፤ ይኼን እወቂልኝ። ግን ለታኅሣሥ ሁለት እዚያው አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ለሁለት ሰው። ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። አብረን እንነግራታለን።

የአባዬ አምላክ ይጠብቅሽ። እጆችሽን ይባርክልሽ፣ ሁለቱንም። በፊታችን እሑድ የምደውለው እኔ ነኝ። የቱ እጅ እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ማን አጠገብሽ እንደነበር እጠይቅሻለሁ። እኔ ለጥያቄዎችሽ አንድም ቀን ዋሽቼ መልሼልሽ አላውቅም፤ አንቺም እንዳትዋሺኝ።

ታናሽሽ፣
የሰንጠረዡ አንደኛዋ