ከአጥር ውጪ ጥላ ሥር ሊያስተኙኝ ለነበሩት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የደም ግፊትዎ ወረደልዎ? ወገብዎንስ ያ ከውጭ ያስመጡት ተሽከርካሪ ወንበር ተስማማው? ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ሕልምዎ የለሰለሰ፣ ሲነቁም እጅና እግርዎ አብረውዎት የሚነቁ ይሆኑ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ማንም ሰው ለማንም ተመኝቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን ወደ ታች ሲያነቡ ይረዱልኛል።

ማን እንደሆንኩ ካላወቁኝ አልቀየምም። በፋብሪካዎ ሁለተኛው መስመር ላይ ኮሌታ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሥራዬ ሆኖ የስንቱ ሰው አንገት በእጄ አልፏል፤ የእርስዎ ብቻ አመለጠኝ። ባለፈው ሰሞን በሬዲዮ ቀርበው «በእኛ ፋብሪካ ሠራተኛ ቢታመም ከሁሉ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ» ሲሉ ሰማሁ፤ ልብስ እየተኮስኩ ነበርና የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ አቃጠልኩ። እውነትዎን ነው። እኔ በታመምኩ ቀን ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነበሩ። ጋዜጠኛው እንዴት እንደደረሱ ሳይጠይቅዎ ስላለፈ፣ ታሪኩ ጎድሎ እንዳይቀር ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርብ ዘንድ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ፈረቃው አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት የሌሊት ሠራተኛ ሌሊት፣ የቀን ሠራተኛም ቀን ይሠራ ነበር፤ ኋላ ቀር አሠራር ነበር። እርስዎ መጥተው አንድ ሳምንት ለሌሊት አንድ ሳምንት ለቀን እያሉ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ገለባበጡንና ሰውነታችን መቼ እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚነቃ ግራ ገባው። ከዚያ በኋላ ነው እኔን ነገሩ የያዘኝ።

መጀመሪያ የያዘኝ ቤቴ ውስጥ ነው። ከሥራ ተመልሼ በጠራራ ፀሐይ በጀርባዬ ተኝቼ ነቃሁ። ነቃሁ ስልዎ፣ የነቃው ዓይኔና ጆሮዬ ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለውን የውሃ እድፍ አያለሁ፣ የጎረቤት ልጆች በኳስ ሲጣሉ እሰማለሁ፤ ጣቴን ላነሳ ስል ግን ጣቴ የሌላ ሰው ነው። ደረቴ ላይ የጨርቅ ጥቅል የሚያህል ነገር ተቀመጠብኝ። ከቁም ሣጥኑ ጎን ደግሞ ፊት የሌለው ነገር ቆሞ ያየኛል። «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ ከአፌ የወጣ ነገር ግን አልነበረም።

እናቴ በራሷ ጊዜ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። ዓይኔ መከፈቱን አይታ «ነቃሽ እንዴ? ምሳ ላቅርብ ወይስ ትቆያለሽ?» አለችኝ። ዝም። «አንቺን እኮ ነው! ደግሞ ዛሬ በምን አኮረፍሽ?» ዝም። በሩን ድርግም አድርጋ ሄደች፤ ለአክስቴ ስልክ ደውላም ዕድሜዬን፣ ጠባዬንና ባለማግባቴ የደረሰባትን ሐዘን እያነሳች ስታማኝ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ሰማሁ። በኋላ ነገሩን ስነግራት ደረቷን መታች። «ዱካክ ነው ልጄ፤ ተኝቶ ያለ ሰው ላይ የሚወጣ ነው» አለችና ትራሴ ሥር መቀስ አስቀመጠች። ዱካኩ መቀሱን አልፈራም። ስፌተኛ መሆኔን ሰምቶ ኖሮ እንደ ሥራ ዕቃ ቆጠረው መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ነገሩ ሲደጋገምብኝና መተኛት ራሱን መፍራት ስጀምር ቢሮዎ መጥቼ በአንድ ፈረቃ ብቻ እንዲያጸኑኝ ለመንኩ። እርስዎም ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ «እንቅልፍ የግል ጉዳይ ነው፤ ፋብሪካው የሚያውቀው የነቃ ሰው ብቻ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ንግግር በነፃ ሰምቶ መውጣት ለአንዲት ኮሌታ ሰፊ ትልቅ ዕድል ነው። ደረጃውን እየወረድኩ አለቀስኩ፤ የደስታ እንባ ነው ብለው ይመዝግቡልኝ።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ውለታዎ ልምጣ። የውጭ ገዢዎች ሊጎበኙን የሚመጡበት ቀን ስለነበር ወለሉ ታጥቧል፣ እኛም አዲስ ሰማያዊ ጋውን ለብሰናል። እኔ ከሌሊት ወደ ቀን የተገለበጥኩበት ሳምንት ነበር። ከምሳ በኋላ በማረፊያ ክፍሉ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቶቹ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ጋደም አልኩ። ስነቃ ያው የማውቀው ነገር ይዞኛል፤ ዓይኔ ተከፍቷል፣ ሰውነቴ ተቆልፏል፣ ደረቴ ላይ ያ ሸክም አለ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና አንድ ትልቅ፣ ጥቁር ነገር ገብቶ ራስጌዬ ቆመ። አይቀየሙኝና ዱካኩ መስሎኝ ነበር፤ እርስዎ መሆንዎን ያወቅሁት ሽቶዎ ሲሸተኝ ነው።

«ምን ሆና ነው ይቺ?» አሉ። የአስተዳደር ኃላፊው ከኋላዎ አንገቱን አስግጎ «ኧረ ሴትዮዋ ደርቃለች!» አለ። ነርሷ እየሮጠች ደርሳ እጄን ልትይዝ ጎንበስ ስትል እርስዎ ከለከሏት።

«ተዪ! አንቺ ከነካሻት ፋብሪካው ነካት ማለት ነው።»

«ትንፋሽ ያላት ትመስለኛለች» አለች ነርሷ።

«መሰለሽ ወይስ አረጋገጥሽ?»

«ሳልነካት በምን ላረጋግጥ?»

«እንግዲያው አታረጋግጪ» አሉ።

ጌታዬ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ሁሉን ትቼ በዓይኔ ለመንኳችሁ፤ ከአንዳችሁ ወደ አንዳችሁ አንከራተትኩት። እርስዎ የሚያዩት ግን የእጅ ሰዓትዎን ነበር። ከዚያ የአስተዳደር ኃላፊው ያን የመሰለ ሐሳብ አመጣ፦ «እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። ከአጥሩ ውጪ ፌርማታው ጋ አንድ ዛፍ አለ፤ ጥላው ደግ ነው። እዚያ ከተገኘች መንገደኛ ናት።» እርስዎም አንዲት አፍታ አላቅማሙም። «የጨርቅ ጋሪውን አምጡ» አሉ። ቀጥለውም፣ ዝርዝር የማያመልጠው አለቃ ነዎትና፣ «ቆይ፣ ባጇን አውልቁ። ጋውኑንም፤ ጋውኑ አዲስ ነው» አሉ። ኃላፊው አንገቴን ላለመንካት እየተጠነቀቀ የባጄን ማሰሪያ በመቀስ ቆረጠው። «ማን ትባላለች?» ብለው ጠየቁት፤ የአባቴን ስም አሳስቶ አነበበልዎ።

በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰብኩ ሊያውቁ ይፈልጉ ይሆን? ስለ ሞት አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ እናቴ ነው። ሰዎች በር አንኳኩተው «ልጅሽ መንገድ ላይ ተገኘች» ሲሏት፣ ያለ ጋውን፣ ያለ ባጅ፣ ከዛፍ ሥር፣ «ምን ልታደርግ እዚያ ሄደች?» እያለች ቀሪ ዕድሜዋን ስትጠይቅ ታየኝ። ያን ጊዜ ደረቴ ላይ ያለው ሸክም ምንም እንዳልነበረ ገባኝ።

ጋሪው ደረሰ። ከጋሪው ጋር ግን እርስዎ ያልጠሯት ሴት መጣች፤ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው ጓደኛዬ፣ በምላሷ ምክንያት ሁላችንም «መርፌ» የምንላት። «ምን ከብባችሁ ታያላችሁ? ሰርግ ነው?» ብላ እርስዎን በክርኗ ገፍታ ገባችና ክንዴን ይዛ ነቀነቀችኝ። «አንቺ! ተነሺ እንጂ!»

ክንዴን ስትይዘው ክር እንደተበጠሰ ሁሉ ለቀቀኝ፤ ተስፈንጥሬ ተቀመጥኩ። የአስተዳደር ኃላፊው ጮኾ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ለእኔ በመጣው ጋሪ ውስጥ በጀርባው ወደቀ። ነርሷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እርስዎም ከሞት ለተመለሰች ሠራተኛ የሚገባውን የመጀመሪያ ቃል ተናገሩ፦ «ለምን ቀድመሽ አታሳውቂም?»

አራተኛ፣ እንግዶቹ በመስመራችን ሲያልፉ ያለ ባጅ በመገኘቴ ስለ ሰጡኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ስንብቴ። ከዚያ ቀን በኋላ የፋብሪካው ሰው «ሬሳዋ» ይለኝ ጀመር። አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ፤ አንዳንዷ ስታልፍ ምራቋን እንትፍ ትላለች። እርስዎም አስጠርተውኝ፣ በዚያ በተረጋጋ ድምፅዎ፣ ሠራተኛው ስለ ፈራኝ «ለራስሽ ጤና ስንል» ብለው አሰናበቱኝ። መርፌን ደግሞ «የኃላፊን ትዕዛዝ በመተላለፍ» ልብስ በእንፋሎት ወደሚተኮስበት ክፍል ጣሏት፤ ፊቷ ቀልቶና አብጦ ከወጣች በኋላ በሩን ድርግም አድርጋ ሥራውን ለቀቀች። አንድ ሠራተኛ ሌላውን ሠራተኛ መንካቱ ምን ያህል አደገኛ መሆኑን ለመላው ፋብሪካ ስላስተማሩ፣ የትምህርት ሰዎች ሊያመሰግኑዎት ይገባል።

አሁን ትንሽ ስለ ራሴ ልንገርዎ፤ ለሠራተኛ ያለዎት ፍቅር እንቅልፍ እንዳይነሳዎ።

ከተባረርኩ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ይህ ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነበር። ሕልም ስናይ እየተወራጨን ራሳችንን እንዳንጎዳ ሰውነታችን እንደሚቆለፍ፣ አንዳንዴ ግን ቁልፉ ሳይከፈት አንጎላችን ቀድሞ እንደሚነቃ ነገረችኝ። «ያስፈራል እንጂ አይገድልም። እንቅልፉ የተዛባበት ሰው ላይ ይብሳል። ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ። የእርስዎን ፈረቃ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ታዲያ እንዴት አይዝሽ!» አለች። በጀርባሽ አትተኚ፣ በአንድ ሰዓት ተኝተሽ በአንድ ሰዓት ተነሺ፣ ሲይዝሽ አትታገዪው፣ በእርጋታ እየተነፈስሽ አንዲት ትንሽ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ ብላ መከረችኝ።

እኔም እንደ ሙያዬ አደረግሁ። በሌሊት ልብሴ ጀርባ ላይ፣ ከመሐል አከርካሪዬ ትይዩ፣ ወፍራም የካፖርት ቁልፍ ሰፋሁ። በጀርባዬ ስገለበጥ ይቆረቁረኝና በጎኔ እሆናለሁ። እናቴ ደግሞ ተኝቼ ባለሁበት ስታልፍ እግሬን መታ አድርጋ «አኩርፈሽ ነው ተይዘሽ?» ትለኛለች። ነገሩ ጨርሶ አልተወኝም፤ አልፎ አልፎ ይመጣል። ፊት የሌለው ነገር ጥግ ላይ ሲቆም ግን እንደ ድሮው አልንቀጠቀጥም። በልቤ «ና ተቀመጥ፤ ካንተ የባሰ አይቻለሁ» እለውና የእግሬን ትንሽ ጣት መፈለግ እጀምራለሁ።

ከመርፌ ጋር አንዲት ጠባብ የስፌት ቤት ከፍተናል። ከፋብሪካዎ የሚወጡ ሴቶች የሌሊት ልብሳቸውን በፌስታል ደብቀው ይመጣሉ። «ያቺን ቁልፍ ስፊልኝ» ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ከእነሱም ሁለቱ በፊት «ሬሳዋ» ሲሉኝ የነበሩ ናቸው። ብዛታቸውን ሳይ እርስዎ ከሸሚዝ ይልቅ ዱካክ በብዛት የሚያመርቱ መሆንዎን ተረድቻለሁ፤ ለውጭ ገበያም ይታሰብበት።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሌሊቱን ለሌሊት ሠራተኛ፣ ቀኑን ለቀን ሠራተኛ ይመልሱላቸው። ነርሷም የታመመ ሰው እንድትነካ ይፍቀዱላት፤ የተቀጠረችው ለዚያ ይመስለኛል። ለሁለቱም እምቢ ማለት መብትዎ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ቢያንስ የሚጥሉትን ሰው የአባት ስም በትክክል ያንብቡ።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ ይሽከርከር፣ ጥላዎም እንደዚያ ዛፍ የሰፋ ይሁን እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ጎንበስ ማለት ስለምችል።

ሳትሞት የቀረችው የቀድሞ ኮሌታ ሰፊዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ባለቤትዎ ቀሚስ ሊያስጠብቡ ስፌት ቤታችን መጡ። ቀሚሱ ልካቸው ነበር። ጥቂት ካመነቱ በኋላ፣ እርስዎ በዚህ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ዓይንዎን አፍጥጠው አልጋ ላይ እንደሚደርቁ፣ ይህንንም ደብቀው እንዳልነገሯቸው፣ እሳቸው ግን ስለ እኔ ከሰሙት ጋር አያይዘው እንደጠረጠሩ ነገሩኝ። እንደማይገድል ነግሬ አጽናናኋቸው። «እንደዚያ ሲሆን ይሰማል?» አሉኝ። «አንዲት ቃል አታመልጠውም እመቤቴ» አልኳቸው። «መልስ መስጠትስ ይችላል?» አይችልም አልኩ። «ተነስቶ በሩን ዘግቶ መሄድስ?» ያንንም አይችልም አልኩ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ፤ ቀሚሳቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጎጡና «ተመስገን! ስንት ዓመት ሙሉ የምነግረው ነበረኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ተቻኮሉ።