ስለ ምሰሶ ቁጥር ዐሥራ አንድ

ለክቡር ሻለቃ ክሮስዌይት፣
የአውራጃው የማሳ መከላከያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
(ግልባጭ፦ ለአውራጃው ጋዜጣ አንባቢዎች)

ኦልደርፊት መንደር፣ ሊንከንሻየር፤ በጦርነቱ ሦስተኛ ዓመት፣ ሚያዝያ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ያስቸግርዎ የነበረው ቁርጥማት እንደተሻለዎት፣ በዚህ የከሰል እጥረትም የቢሮዎ ምድጃ እንዳልጠፋ ተስፋ እያደረግሁ፣ ለማሳዬ ላሳዩት የማያቋርጥ አሳቢነት ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የጠላት ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ወታደር ጭነው እንዳያርፉበት በማለት፣ ጥር ላይ በገብስ ማሳዬ አርባ ሁለት የጥድ ምሰሶዎች ስላስተከሉልኝ፣ ለእያንዳንዳቸውም ቁጥር ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር እንዲህ በመስመር የቆመ ክፍል አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፤ በሥራ ብዛት ሳይሰሙ ቀርተው ከሆነ፣ ከመንደራችን ጀርባ ካለው የአየር ኃይል ሰፈር የሚነሳው አዲሱ ተዋጊ አውሮፕላን ሞተሩ ባለ ሃያ አራት ሲሊንደር ነው፤ ሃያ አራቱም በአንድ ጊዜ የመሥራት ልማድ ግን የላቸውም። ስለዚህ እኛ ኦልደርፊቶች ከመላው አገር ተለይተን የምንደነግጠው በጩኸት ሳይሆን በዝምታ ነው፤ ከላይ ድምፁ ቀጥ ሲል ሻያችንን አስቀምጠን ወደ በር እንሮጣለን። ሃምሳ አለቃ ሌስሊ ታፕስኮት የተባለ የሃያ አንድ ዓመት አብራሪ፣ ምሰሶዎቹ ሳይተከሉ፣ ባለፈው መኸር ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶበት በዚሁ ማሳ በደኅና አርፏል። በመጀመሪያው ቀን ፊቱ በዘይት ጠቁሮ ወጥ ቤቴ በር ላይ ቆመና «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳይጠሩኝ መጣሁ» አለኝ። በሁለተኛው ቀን አንጥረኛችን ጄቤዝ ኦክደን ከአጥሩ ማዶ «አንተ ልጅ፣ ሦስተኛ ከመጣህ ከበጎቹ ጋር ነው የምንቆጥርህ!» ብሎ ቢጮህበት፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ ከዚህ ሞተር ጋር ከመቆጠር ይሻለኛል» ብሎ አሳቀን። ለጓደኞቹም፣ ሞተር ሲከዳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ በስተግራ ያለውን የእትዬን ማሳ እንዲፈልጉ ነግሯቸው ነበር።

ሦስተኛ፤ ይህንኑ ጠቅሼ ምሰሶዎቹ እንዲነሱ የካቲት ላይ ብለምንዎ፣ ከተተከሉ ወዲህ አንድም የጠላት አውሮፕላን በማሳዬ አለማረፉ ጥቅማቸውን እንደሚያረጋግጥ በትሕትና መለሱልኝ። ድመቴም በእነዚሁ ወራት የጠላትን ባሕር ኃይል ከዳክዬ ኩሬዬ አርቃለችና፣ በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ስሟ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ድምፁ ቀጥ አለ። ሮጠን ወጣን። ልጁ ከመኸር ወዲህ ሌላ የአየር ኃይል ሰፈር ከርሞ የተመለሰው ሰኞ ነበርና፣ ስለ ምሰሶዎቹ የነገረው ሰው አልነበረም። እንደ ልማዱ ከማማው በስተግራ፣ ቀጥ ብሎ መጣ። ምሰሶ ቁጥር ዐሥራ አንድ ሥራዋን ሠራች። ወላጅ ስላልነበረው ሐሙስ ዕለት እዚሁ ቀበርነው።

አምስተኛ፤ ዓርብ የደረሰኝ ደብዳቤዎ ስለ ልጁ ምንም አይልም። ለተሰበረችው ምሰሶ ያለዎት ሐዘን ግን ጥልቅ ነው፤ በሰባት ቀን ውስጥ ቀጥ ብላ እንድትቆም ያዝዛል። ጓደኞቹ ዛሬም የሚበሩት በዚያው ሞተር ነውና፣ ስለ ጥድፊያዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

የክቡርነትዎን ትእዛዝ ለመፈጸም የምትተጋ፣ ለመስመርና ለቁጥር ያለዎትን ፍቅር ለተማሪዎቿ ሳታስተምር ጡረታ የወጣች፣ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ዶርካስ ዊንስኪል

ማስታወሻ፦ ትእዛዝዎ ተፈጽሟል። ምሰሶ ቁጥር ዐሥራ አንድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በልጁ ራስጌ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጄቤዝ ቁጥሯን ፍቆ ስሙን ጽፎባታል። የቀሩትን አርባ አንዱን ትናንት መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነቅሏቸዋል፤ ጉድጓዶቹንም ደፍነናል። ሊያስሩኝ ሲመጡ በአውሮፕላን ይምጡ፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ቢጠፋብዎ ከማማው በስተግራ ይመልከቱ፣ ማሳው ሜዳ ነው።